ከግድቡ እግር ስር የደፈረሰው ውሃ

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ቢቸና በመምህርትነት ስመደብ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ሞጣ ስለሆነ ቢቸና ዘመድ አልነበረኝም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሽማግሌ ባልና ሚስት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ፈለጉልኝ። ባልየውን አባባ፣ ሚስትየዋን እማማ አልኳቸው። አባባ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «የኔታ» ይሉኝ ነበር። የጀመሩት ለቀልድ ነው፤ ኋላ ሌላ ስም ያለኝ አልመሰላቸውም።

ቤታችን ከከተማው ግድብ በታች ነበር። ግድቡ የአፈር ነው። አባባ ወጣት ሳሉ የከተማው ሰው አፈር በቅርጫት እየተሸከመ፣ በበሬ እያስረገጠ የሠራው ነው። ከብቱ የሚጠጣው ግድቡ ካቆረው ኩሬ ነበር፤ በጥምቀት ታቦት የሚወርደውም ወደዚያው ነው። አባባ ማንም ሳያዛቸው ጠባቂ ሆነው ቀርተዋል። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የግድቡን አናት ከዳር እስከ ዳር ይሄዱበታል፤ የወጣበትን ከብት ያባርራሉ፤ ዝናብ የሸረሸረውን በአካፋ ይደለድላሉ። ቤት ሲገቡ «ደህና አድሯል» ይላሉ። ልጅ አልነበራቸውም።

ከግድቡ እግር ስር ደግሞ አንዲት ቀጭን ውሃ ትወጣ ነበር። ግድቡ ከተሠራ ጀምሮ ነበረች፤ ጥርት ያለች ስለሆነች ማንም አይሰጋባትም። እማማ ልብስ የሚያጥቡት ከእሷ ነው። በሁለተኛው ዓመቴ፣ መስከረም ጠብቶ ተማሪ ለመመዝገብ ከሞጣ ስመለስ፣ እማማ ነጠላቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። አጥበው ያሰጡት ነጠላ ቀላ ብሏል። ውሃዋ ደፍርሳለች አሉ።

አባባ አልተቀበሉም። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ የጎርፍ ርዝራዥ ይሆናል አሏቸው። እማማ ጎርፍ የሚመጣው ከላይ እንደሆነ፣ ይቺ ግን ከግድቡ ሆድ እንደምትወጣ ተናገሩ። አባባ ተቀየሙ። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን ግድብ በአንድ ነጠላ ሊያስነቅፏቸው ነው? ሦስት ቀን ከአንድ ገበታ እየበሉ ሳይነጋገሩ ቀሩ። መልእክት ማመላለስ የእኔ ሥራ ሆነ። እማማ «ወጥ ይጨመር እንደሆን ጠይቂልኝ» ይላሉ፤ አባባ አጠገባቸው ተቀምጠው «በቃኝ በያት» ይላሉ። ሳቄን መቆጣጠር እያቃተኝ ማዶ ማዶ አይ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አባባ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ እግራቸው ጭቃ እንደሆነ ከደጄ ቆሙ። ውሃዋን በእፍኛቸው ቀድተው ቀምሰዋታል።

«የኔታ፣ አሸዋ ጥርሴ ስር ገባ» አሉኝ። «ልክ ናት። ለጊዜው ግን እንዳትነግሪያት።»

የዚያኑ ዕለት ማመልከቻ ጽፌ አብረን ለማዘጋጃ ቤቱ አስገባን። ባለሙያ ከማርቆስ እንደሚጠየቅ፣ እሱም ከበዓል በኋላ እንደሚሆን ተነገረን። አባባ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጡ። እኔ ለመስቀል ወደ ሞጣ ስሄድ የሚያውቅ ሰው ካገኘሁ እንዳሳየው ከዚያች ውሃ አንድ ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ። ጤፍ በጫነ የጭነት መኪና ላይ ጭኔ መሃል ይዤው ሄድኩ።

ሞጣ ከአባቴ ቤት ጎን አንድ የመንገድ ሥራ ፎርማን ተከራይቶ ይኖር ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አቆመውና ምሳችንን በላን። በልተን ስንጨርስ ውሃው ከላይ ጠርቶ፣ ከስር አንድ ጣት የሚሆን ቀይ አፈር ተኝቷል።

«ይሄ ውሃ ግድቡን ከውስጥ እየቦረቦረ ነው» አለኝ። «ዛሬ የጣት ቀዳዳ ነው፤ ነገ ዋሻ ይሆናል።»

በማግስቱ የበዓሉን ግብዣ ትቶ አብሮኝ ቢቸና መጣ። ግድቡን ዞሮ ሲያይ፣ ሣር በሸፈነው ጀርባው ላይ ክንድ የሚያስገባ የጃርት ጉድጓድ አገኘ። የከተማውን ሽማግሌዎች ሰብስቦ፣ ግድቡን የሚገፋው የኩሬው ውሃ በአንድ ሰው ቁመት መቀነስ እንዳለበት ነገራቸው። ሰዉ ተንጫጫ። በጋው እንዴት ሊያልፍ ነው፤ ለጥምቀትስ ታቦቱ ወዴት ሊወርድ ነው? አንዳንዱ ግድቡን የሚጎዳ ሰው ከውጭ አመጣች ብሎ እኔን በክፉ ዐይን አየኝ።

አባባ ተነሡ። በጉባኤ ተናግረው የሚያውቁ አይመስለኝም። «እኔ ላዩን ስጠብቅ ኖርኩ» አሉ። «የታችኛውን ያየችው ባለቤቴ ናት። ከታች ያለነው ደግሞ እኛ ነን። እኔ ልቆፍር ነው።» ትርፍ ውሃ ወደሚወጣበት ቦይ ዶማቸውን ይዘው ሄዱ። እማማ ከሴቶቹ መሃል ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አልለየሁም። ሰዉ አንድ በአንድ ተከተላቸው።

ፎርማኑ ቦዩ በቀን ከአንድ ስንዝር በላይ እንዳይቆፈር ከለከለ፤ ውሃው በአንዴ ከወጣ ቦዩን ራሱን ይዞ ይሄዳል። ብዙዎች የደፈረሰችውን ውሃ አፏን በጭቃ መድፈን ፈልገው ነበር። እሱ ግን መውጫ ካጣች ሌላ ቦታ ትፈነዳለች፣ ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ግን ይቅር አላቸው። መጀመሪያ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያም ትልልቅ ድንጋይ አስደረበባት። እኔም ተማሪዎቼም በቁና አሸዋ አመላለስን። የጃርቱን ጉድጓድ እስከ መጨረሻው ቆፍረው ቀይ አፈር እየጨመሩ ወቀጡት። በአሥራ አንደኛው ቀን እማማ ከድንጋዩ ስር በብርሌ ቀድተው ወደ ፀሐይ አነሡት። ጠርቷል። ብርሌውን ለአባባ ሰጧቸው። አባባም ጠጥተው ጨረሱት።

በዚያ ዓመት ጥምቀት ኩሬው ከወገብ አያልፍም ነበር። ካህናቱ ብዙ ዝቅ ብለው ባረኩት። ያጉረመረመ ቢኖርም እሱም እንደማንም ሰው ረጭቶ ተረጨ፤ አባባም እስኪያልባቸው ጨፈሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። አባባ ዕቃዬን ተሸክመው እስከ መኪናው ሸኙኝ። የሞጣን ግድብ በወር አንድ ጊዜ ከእግሩ ስር እንዳየው አደራ አሉኝ። እኛ ግድብ እንደሌለን ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑልን።