ያልተሰፋው ጫማ በፏፏቴው መንገድ

ማኑሄ ሰውን የሚለየው በፊቱ አይደለም። ቀራንዮ ፌርማታ አጠገብ፣ አንድ ሰው ከነበርጩማው ብቻ በምትይዝ የቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ጎንበስ ብሎ ጫማ ሲጠግን ዓለም የታየችው ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። ተረከዙን ወደ ውጭ የሚጨርስ ኩሩ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚጨርስ ሐሳብ የበዛበት ነው፤ ጫፉን የሚቀድ ሁልጊዜ ለታክሲ የሚሮጥ ነው። ሰላም ሲሉት መጀመሪያ ጫማቸውን አይቶ ነው ስማቸውን የሚጠራው። የሰፈሩ ልጅ ኪዳን አዲስ ጫማ የገዛ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ሳያውቀው አለፈው፤ ኪዳንም ተቀየመ።

ከዱራሜ የመጣው በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ሊስትሮ ሆኖ ሠራ፣ ከዚያ ወስፌ ያዘ፣ ከወስፌው ሳይለይ ትዳር ያዘ፣ ልጅ ወለደ። በዚህ ሁሉ ዘመን ለመዝናናት በእግሩ ሄዶ አያውቅም። በልጅነቱ መንገድ ማለት ገበያ ነበር፣ ወይ ወፍጮ፣ ወይ ለቅሶ። ስለዚህ ልጁ ሔለን በቱሪዝም ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ከቆየች በኋላ፣ ሰዎችን በክረምት ጫካ ይዤ ሄጄ ፏፏቴ ላሳይ ነው ስትለው ነገሩን ለመረዳት ብዙ ደከመ።

"መኪና እዚያ አይገባም?" አላት።

"ይገባል። ግን መንገድ ላይ ወርደን በእግር ነው የምንሄደው።"

"ለምን? መኪናው ይበላሻል?"

"አይበላሽም አባዬ። ሆን ብለን ነው።"

"በዝናብ።"

"ፏፏቴው የሚያምረው በዝናብ ነው።"

ማኑሄ ደህና መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሆን ብሎ ወርዶ ጭቃ የሚገባ ሰው በአዲስ አበባ መኖሩን ያን ቀን አወቀ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ታየው። እነዚህ ሰዎች ጫማቸው አያልቅም ወይ? "ጫማቸውን ለእኔ ተይው" አላት። ሔለንም በቴሌግራም ገጿ ላይ፣ የሁሉም ተጓዥ ጫማ ከጉዞው በፊት የሠላሳ አራት ዓመት ልምድ ባለው ባለሙያ ይታደሳል ብላ ጻፈች። አሥራ አንድ ሰው ተመዘገበ። አሥራ አንድ ጥንድ ጫማ በጆንያ መጣ።

በበጋ ማስቲሽ የተቀባ ሶል ፀሐይ ሲመታው ከጫማው ጋር ይጋባል፤ መፋታት የለም። በክረምት ግን ማስቲሽ አይታመንም። የያዘ ይመስላል፣ ውሃ ሲነካው ይክዳል። ስለዚህ ማኑሄ ከሰኔ እስከ መስከረም ያልተሰፋ ጫማ ከሱቁ አያስወጣም። ሥራ ሲጀምር ክሩን በልክ በልኩ ይቆርጣል፣ በሰም ያሻል፣ ሚስማር ላይ ይሰቅላል፤ ለእያንዳንዱ እግር አንድ ክር። ሚስማሩ ባዶ ሲሆን ሥራው አልቋል ማለት ነው።

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ጃንጥላውን ሊያወጣ ሱቁን ከፈተ። ሚስማሩ ላይ ሁለት ክር ተንጠልጥሏል።

ቆሞ አያቸው። አርብ አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋ አንዱን ጥንድ ማስቲሽ ቀብቶ፣ እንዲይዝለት ድንጋይ ጭኖበት ነበር። ሔለን እየተጣደፈች መጣች፣ እሱ ለመለየት ፋታ ሳያገኝ የተሰፋውንም ያልተሰፋውንም በጨለማ በጆንያ ሰብስባ ይዛ ሄደች፣ ማታውኑ ለየባለቤቱ አደለች። የትኛው እንደሆነ ማስታወስ አቃተው። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ሰው፣ ባልተሰፋ ጫማ ፏፏቴ አፋፍ ላይ ሊቆም ነው። ቢወድቅ ይሰበራል። ባይወድቅ እንኳን፣ ሶሉ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በካልሲው ከተመለሰ፣ የሔለን የመጀመሪያ ጉዞ የመጨረሻዋ ይሆናል።

ወስፌውን፣ ሁለቱን ክርና ቁራጭ ሰም በፌስታል ጠቅልሎ ተጓዦቹን የሚወስደው ኮስተር አውቶቡስ ወደቆመበት ሮጠ። ሊነግራት ነበር። አፉን ሲከፍት ግን ሔለን ዞር አለች፣ ጃንጥላውንና ፌስታሉን አየች፣ ፊቷም ደመና እንደተገፈፈለት ሜዳ በራ።

"አባዬ፣ ልትመጣ ነው?" አለችው። "ለወላጆች ቀን ትምህርት ቤት እንኳን መጥተህ አታውቅም እኮ።"

ማኑሄ አፉን ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። "ፏፏቴ ማየት አማረኝ" አለ።

ኮስተሩ በቡራዩ አድርጎ በአምቦ መንገድ ሲወጣ ሰው ሁሉ ፊቱን መስኮት ላይ ለጠፈ። ከጉም ውስጥ አረንጓዴ እርሻ ብቅ ይላል፣ ፈረስ ጋሪ ብቅ ይላል፣ ተመልሶ ይሰወራል። ማኑሄ ወለሉን ነበር የሚያየው። ችግሩ ጭቃው ነው። ገና ሰፈር ውስጥ ሁሉም ጫማ ተለስኗል፤ ስፌት አይታይም።

ጫካው ጫፍ ላይ ወረዱ። መንገድ የሚመራቸው ገሜዳ የሚባል የአካባቢው ሰው በዱላና በቦቲ ጫማ ቆሞ ጠበቃቸው። ቦቲ ስፌት የለውም። ማኑሄ በዚያ ጠዋት በሰላም ያየው ብቸኛ እግር የገሜዳ ነው።

ዝግባው ግንዱ አምስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ቅርንጫፉ ላይ የዛፍ ሽበት ተንዘርፍፎ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን እያርገበገቡ ከላይ ያልፋሉ፤ ከሩቅ ደግሞ ፏፏቴው፣ ገና ሳይታይ፣ የማያባራ ጭብጨባ የመሰለ ድምፅ ያሰማል። ሰዎቹ አንጋጠው "ወይ ጉድ" ይላሉ። ማኑሄ ከኋላቸው አጎንብሶ ይሄዳል። ከተጓዦቹ አንዱ የሆነው ኪዳን ወጣ ያለ የዛፍ ሥር ላይ እግሩን ሲያሳርፍ ማኑሄ ዘልሎ ተንበረከከ።

"ክርህ ተፈቷል፣ ልሰርልህ።"

"ኧረ ፋዘር ተው፣ ነውር ነው" አለ ኪዳን እግሩን እየነጠቀ። "ደግሞ አልተፈታም።"

"ሊፈታ ነው።"

ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ማኑሄ ወደ ማንም ሲጠጋ እግር መደበቅ ተጀመረ። የኪዳን ጎረቤት ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው ዱላ ይዘው የመጡ ሴት፣ ነገሩን በሌላ ተረጎሙት። "እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው" አሏት ሔለንን። "ቀና ብሎ እንኳን አያይም።" ሔለን በአባቷ ኮራች፤ ማኑሄም ሰማ፣ ይበልጥ አጎነበሰ።

ፏፏቴው ጋ ደረሱ። ውሃው ከገደሉ አናት ተንደርድሮ ይወድቅና ከሥር አንድ ኩሬ ውስጥ ይፈላል። ሔለን እጇን ዘረጋች። "በዚያ አለት ላይ ተሻግረን ከውሃው ጀርባ እንገባለን።" አለቱ አረንጓዴ ለብሷል፣ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ማኑሄ አለቱን አየ፣ አሥራ አንድ ጥንድ ጫማ አየ፣ ሠላሳ አራት ዓመቱን አየ።

"ቆዩ" አለ። "ጫማችሁን አውልቁ።"

ሁሉም ዞሩ።

"ይህ ውሃ..." አለ፤ ምክንያቱ ከየት እንደመጣለት ራሱም አያውቅም፤ "ይህ ውሃ ጠበል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። በጫማ አይቀረብም።"

ወይዘሮ ሸዋረጋ ወዲያው ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እኔን ልጄ፣ ምነው ቀደም ብለህ ብትናገር። ቁርስ በልቼ እኮ ነው የመጣሁት። ያውም ሁለት እንቁላል።" ከዚያ ወደ ገሜዳ ዞሩ። "እውነት ነው ወይ?"

ገሜዳ ማኑሄን አየው። ከብቱን የሚያጠጣበት ውሃ ነው። ዳሩ ግን ትልቅ ሰውን በሰው ፊት ማሳፈር አይወድም። "ውሃው ጥሩ ውሃ ነው" አለ።

በቃ። ኪዳን ጫማውን አወለቀ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው አወለቀ፣ ሔለንም ግራ እንደገባት የራሷን ጫማ አወለቀች። ወይዘሮ ሸዋረጋ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ኩሬው ጠርዝ ላይ ጉልበታቸውን ነከሩ። ማኑሄ "እኔ እጠብቃለሁ" ብሎ ከጫማዎቹ መካከል ተቀመጠና በፍጥነት ይገለብጥ ጀመር። ጭቃውን በአውራ ጣቱ ይጠርጋል፣ ስፌቱን ይዳብሳል። ይሄ ተሰፍቷል። ይሄም ተሰፍቷል። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። አሥረኛው፤ እሱም ተሰፍቷል። አሥራ አንደኛው የለም።

ቀና አለ። ከውሃው ወዲህ፣ ክንዳቸውን አጣምረው፣ ከነጫማቸው የቆሙት አቶ ወዬሳ ናቸው።

አቶ ወዬሳ ማኑሄ በየእሑዱ የሚሄድባት የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። ሐኪም ለስኳር ሕመማቸው ይራመዱ ስላላቸው ነው የመጡት። ባለፈው ወር በሐሰት ስለመናገር አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምረዋል፤ ማኑሄ ፊት ወንበር ላይ ነበር።

"ወንድም ማኑሄ" አሉ ረጋ ብለው። "ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ምኑ?"

"ጠበሉ።"

"ሲሉ ሰምቼ ነው።"

"ማን ሲል?"

ማኑሄ ገሜዳን አየ። ገሜዳ ዛፍ አየ።

"ለማንኛውም ቢያወልቁት" አለ ማኑሄ። "እግርዎ ይናፈስ።"

"እኔ ጫማ የማወልቀው ስተኛ ነው" አሉ አቶ ወዬሳ፤ ከዚያም የእምነት ጉዳይ መሆኑን ሁሉም እንዲያይላቸው ወደ አረንጓዴው አለት መራመድ ጀመሩ።

አንድ እርምጃ። ሁለት። ከግራ ጫማቸው ጫፍ ላይ ሶሉ እንደሚያዛጋ አፍ ከፈት ሲል ማኑሄ አየ። ሮጦ፣ በደረቱ ወድቆ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ እግራቸውን ያዘ።

"ልቀቀኝ አንተ ሰው።"

"አልለቅም። ጫማው አልተሰፋም።"

ማኑሄ በደረቱ እንደተኛ ጎተት ሲያደርገው ሶሉ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተላቆ እጁ ላይ ቀረ። ያንን ሶል ከፍ አድርጎ ይዞ ሁሉንም ተናገረ፤ መብራቱን፣ ድንጋዩን፣ ጆንያውን፣ ክሮቹን። ስለ ውሃውም ተናገረ።

"ጠበል አይደለም?" አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ ከኩሬው ጠርዝ።

"አይደለም። ይቅር ይበሉኝ።"

"ጉልበቴን ግን ለቀቀኝ እኮ።"

"በጣም ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ ያደነዝዛል" አለ ገሜዳ፤ አሁን እውነት መናገር ተፈቅዶለታል። "ላሞቹም እዚህ ሲጠጡ እንዲሁ ናቸው።"

ወይዘሮ ሸዋረጋ ትንሽ አሰቡ። ጉልበታቸውን ግን ከውሃው አላወጡም።

ሔለን በባዶ እግሯ ጭቃው ላይ ቆማ ነበር። ማኑሄ የልጁን ጫማ እንጂ እግሯን ካየ ስንት ዘመኑ ነው፤ ትንሿ ጣቷ እንደሱው ወደ ጎን የዞረች ናት። ቀና ብሎ ፊቷን ለማየት ፈራ።

"ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?" አለችው።

"ልነግርሽ ነው የመጣሁት።"

"እና?"

"ልትመጣ ነው ወይ ስትይኝ ፊትሽን አየሁት።"

ሔለን ወደ ተጓዦቹ ዞራ፣ ሳታቋርጥ፣ ጫማው ያልተሰፋው እሷ ሳትጠይቅ ሰብስባ ስለወሰደች መሆኑን፣ ከማደሏ በፊት መፈተሽ የነበረባትም እሷ መሆኗን ተናገረች። መመለስ የሚፈልግ ካለ አሁኑኑ ይዛው እንደምትመለስ ነገረቻቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። "ፋዘር ሰፍቶ ይጨርስ እንጂ፣ ማን እንዲህ ያለ ነገር ጥሎ ይሄዳል" አለ ኪዳን፤ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀምሯል።

ማኑሄ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወስፌውን አወጣ። አቶ ወዬሳ ካልሲያቸውን አውልቀው ከጎኑ ተቀመጡ፤ ሌላ ማስቀመጫ ስለጠፋ እግራቸውን ውሃው ውስጥ አደረጉት።

"እሑድ በጉባኤው ፊት ትናገራለህ" አሉት።

"የቱን? መዋሸቴን ነው አለመስፋቴን?"

"ሁለቱንም።" ጣታቸውን ውሃው ውስጥ አንቀሳቀሱ። "ድርብ አድርገህ ስፋው።"

ድርብ አድርጎ ሰፋው። ሲጨርስ ሔለን ጫማውን ተቀበለችው፣ በሁለት እጇ ሶሉን ወዲያና ወዲህ ጎተተችው፣ ጎንበስ ብላ ስፌቱን በጥፍሯ ፈተሸች፣ ልክ አስቸጋሪ ደንበኛ እንደሚያደርገው። ማኑሄ እንደዚህ ተጨንቆ የሰው ፊት አይቶ አያውቅም። ከዚያ ለአቶ ወዬሳ ሰጠቻቸው።

"እንሻገራለን" አለች። "እጅ ለእጅ ተያያዙ። አባዬ፣ አንተ ከኋላ ትሆናለህ፤ የማንም እግር ሲንሸራተት ቀድመህ የምታየው አንተ ነህ።"

"ዛሬ ብቻ?"

"መስከረም ላይም ጉዞ አለኝ" አለችው ሔለን፣ ዞራ ሳታይ። "ጫማዎቹን ግን እኔ ቆጥሬ ነው የምረከብህ።"