ያቺ እፍኝ ሣር

አፌ አያርፍም። የገዛ ሠርጌን በሦስት ዓይነት መንገድ አውርቻለሁ፤ በአንዱ ሙሽራዋ እንኳ ሌላ ናት። ሐዋሳ ውስጥ ያልለፈለፍኩት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። አሁን ለእርስዎ ልናገር ነው፤ አያሳቅዎትም።

ያኔ ልጅ ነበርኩ ልል ነበር። አልነበርኩም፤ ሠላሳን አልፌ ነበር። ታቦር ተራራ ግርጌ በነበረች አንዲት የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ነበርኩ። ረዳት። ነጭ ጋውን ስለምለብስ ግን ሰው ሁሉ ዶክተር ይለኛል፤ እኔም አላርምም። አንድ ለአምስት ተደራጅተን፣ በየጊዜው ግምገማ ተቀምጠን ግለ ሂስ የምናደርግበት ዘመን ነው። ተራዬ ሲደርስ «አልፎ አልፎ ሰዓት አላከብርም» እላለሁ። ይመዘገባል። ነጽቼ እወጣለሁ።

እማማ ዳንጊሴ ባላቸው የሞተባቸው፣ በአንዲት ላም የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። ላሚቱ ሻሼ ትባላለች፤ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስል ነጭ ግንባር ነበራት። ጠዋት ጠዋት ግማሹ ሰፈር ጠርሙሱን ይዞ በራቸው ላይ ይሰለፋል። የቤት ኪራዩም፣ የእህሉም፣ የሁሉም ነገር ምንጭ ሻሼ ናት።

ታመመች። ሄጄ አየኋት፤ ሰውነቷ ይፋጃል፣ ድዷ ነጥቷል፣ ጡቷ ሥር መዥገሩ እንደ ባቄላ ተደርድሯል። ደሟን ወስጄ በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ በቀይ የደም ሕዋሶቹ ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ተለጥፈዋል። መዥገር የሚያስተላልፋት ባክቴሪያ ናት። አንቲባዮቲክ ወጋኋት፤ በማግስቱ ተነሥታ በላች። ሁለተኛው መርፌ በሦስተኛው ቀን መደገም ነበረበት። ካልተደገመ ጀርሟ ትደበቃለች እንጂ አትጠፋም።

በሦስተኛው ቀን እማማ ዳንጊሴ ሊወስዱኝ መጡ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ዳገቱ የሚወጣው በእግር ነው፣ እኔ ደግሞ ከባልደረቦቼ ጋር ካርታ ይዣለሁ። እያሸነፍኩ ነው። መድኃኒቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ይህን ልብ ይበሉልኝ። ነበር።

ካርታዬን ሳላስቀምጥ፣ ፊቴን እንደ ፕሮፌሰር ኮስተር አድርጌ፣ መርፌው ይቅር አልኳቸው። ጀርሟ የምትበላው ከሻሼ ነው፤ ሻሼን ካስጾሟት ጀርሟም ተርባ ትሞታለች አልኩ። ባልደረቦቼ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። እማማ ዳንጊሴ አልሳቁም። የጸሎት ቤት ሰው ናቸው፤ ጾም ሲባል ቀልድ አይታያቸውም።

«ስንት ቀን ነው ዶክተር?» አሉ።

እዚህ ጋ መመለስ እችል ነበር። «ቀልዴን ነው እማማ» ማለት ስንት ቃል ነው? ነገር ግን ገና እየሳቁልኝ ነበር።

«እስከ ፊቼ» አልኩ።

የፊቼን፣ የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ቀን ኮከብ አይተው የሚናገሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ያን ጊዜ ገና አልተናገሩም ነበር። ማብቂያው የማይታወቅ ጾም አዘዝኩ ማለት ነው። ጣት የሚያስቆረጥመው የቀልዴ ቦታም ይኸው ነበር። ሳቁ እንደገና ፈነዳ። እሳቸው አመስግነውኝ ዳገቱን ወጡ።

አላውቅም ነበር እንዴ? አውቃለሁ! ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎች ምግብ ሲያጥራቸው ዝም ብለው አይሞቱም። እድገታቸውን ቀንሰው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ይጠብቃሉ። አንዳንዶቹማ የተሸሸጉበት ሕዋስ የገዛ አካሉን እየቆረሰ እንዲያበላቸው ያደርጋሉ። ረሃቡ መጀመሪያ የሚጥለው ያስጠለላቸውን ነው።

ከሳምንት በኋላ የሻሼ ወተት ቆመ ሲሉ ሰማሁ። በእርግጥ እያስጾሟት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጋውኔን ለበስኩ፣ መድኃኒቱን ኪሴ ከተትኩ፣ በሩ ድረስ ሄድኩ። ከሄድኩ ቀልዴ ይወራል ብዬ ተመለስኩ። እኔ ነኝ የተመለስኩት፤ ማንም አልያዘኝም።

ፊቼ ሳይነገር ሻሼ ሞተች። ተጠርቼ ስደርስ ግቢው ውስጥ ተጋድማለች፤ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። መዥገሮቹ ከቀዘቀዘው ቆዳ እየለቀቁ ሌላ ማደሪያ ፍለጋ በሣሩ መሐል ይሄዳሉ። እማማ ዳንጊሴ አጠገቧ ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«እኔም አብሬያት ጾሜ ነበር» አሉኝ። «አንድ ቀን ግን እያየችኝ ጮኸች። አላስቻለኝም፤ አንዲት እፍኝ ሣር ሰጠኋት። ጾሙን ያፈረስኩት እኔ ነኝ አይደል፣ ዶክተር?»

ምን ብዬ መለስኩ ይመስልዎታል?

«ሳይሆን አይቀርም፣ እማማ» አልኩ።

ይህ ነው ኃጢአቴ። ላሚቱን በቀልድ ገደልኳት፤ እሳቸውን ግን በሙሉ ልቤ፣ ፊት ለፊት። ራሳቸውን እየበሉ እንዲያኖሩኝ ፈቀድኩ፤ ኖርኩም።

ፊቼ ደረሰ። ከተማው ሁሉ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሜዳ ወረደ፤ እኔም ወርጄ ጨፈርኩ። እሳቸውን አላየኋቸውም። በኋላ ገጠር ወዳሉ ዘመዶቻቸው ሄደው፣ እዚያው አረፉ ሲሉ ሰማሁ። ያቺን እፍኝ ሣር ይዘው ሄዱ። በቀጣዩ ግምገማ ተነሥቼ «ሰዓት አላከብርም» አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

ይቅር ይበሉኝ ልልዎት ነበር የጀመርኩት። ይቅርታው ግን በእርስዎ እጅ አይደለም፤ የይቅርታው ባለቤት እማማ ዳንጊሴ እንኳን ይቅር ሊሉኝ፣ የሚቀየሙብኝ ነገር እንዳለ ሳያውቁ ሞቱ። ስለዚህ ከእርስዎ ምንም አልለምንም። ለእሳቸው የምለውን ብቻ ይስሙልኝ።

ሣሩ አልነበረም፣ እማማ። ዶክተርም አልነበርኩም።