ኬላ ያላሳለፈው የእናቴ ፍራሽ

በጭነት መኪና ከጅማ ወጥተን የሰርቦ መንገድ ኬላ ጋ ስንደርስ ጠባቂው መጀመሪያ ያየው ጭነቱ ላይ የታሰረውን ፍራሽ ነበር። አስወረደውና አፍንጫውን ጨርቁ ላይ ለጠፈ... ከዚያ ቀና ብሎ «ቡና ቡና ይላል» አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ያለፈቃድ ቡና ይዞ መገኘት ኮንትሮባንድ ነበር፤ ምን እንደሚያመጣ የደረሰበት ያውቀዋል።

እኔ ጅማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። እናቴ ሰርቦ ብቻዋን ትኖራለች። ቡና ለቀማ ላይ ተንሸራታ ወድቃ ወገቧን ተጎዳች። የምትተኛው ደግሞ መሀሉ የረገበ ጠፍር አልጋ ላይ ነው። ጤና ረዳቱ «ደልደል ያለ ነገር ላይ ካልተኙ አይሻልዎትም» አላት። ጅማ እኔ ጋ እንድትመጣ ለመንኳት፤ «ቤቴን ዘግቼ የትም አልሄድም» ብላ እቅጩን ነገረችኝ።

ስለዚህ እዚያው ጅማ መርካቶ፣ ወንበርና ፍራሽ የሚሠሩት ጋሼ ነስሩ ጋ ሄድኩ። የስፖንጅ ፍራሽ ነበር የፈለግኩት።

«ስፖንጅ ብቻውን ይሰምጣል» አሉኝ። «ሞላ ብቻውን ደግሞ አጥንት ይወጋል። ሞላው ይሸከማታል፣ ስፖንጁ ያባብላታል። ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምሠራልህ።»

ሞላውን ካረጀ አውቶቡስ ወንበር ፈተው አመጡ። እየደረደሩ በሽቦ አሰሩት። ሞላው ስፖንጁን እንዳይበላው ብለው መሀል ላይ የቡና ጆንያ አነጠፉ... እስከዚህ ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። «ነገ ኢንሻአላህ» እያሉ ስንት ጊዜ እንዳመላለሱኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ሞላው ሲገኝ ስፖንጁ ይጠፋል፣ ስፖንጁ ሲገኝ መርፌው ተሰብሯል። በቃ ይቅርብኝ ልል ስል ጨረሱት። ተጋድሜ ሞከርኩት። አይወጋም፣ አይሰምጥም። ንዴቴ ሁሉ ጠፋ።

ኬላው ጋ ግን ተመልሶ መጣ።

«የሚሸተው ጆንያው ነው» አልኩት ጠባቂውን። «ከስፖንጁ ሥር የተነጠፈ ባዶ ጆንያ ነው። ቡና የለበትም።»

«ቀደን እናየዋለና።»

«ጓድ፣ የታመመች እናቴ ናት የምትተኛበት። በእጅህ ዳብሰህ እየው።»

«ዳበስኩት እኮ። ውስጡ የሚቆረቁር ነገር አለ።»

«እሱ ሞላ ነው።»

አልሰማኝም። ቢላዋ አውጥቶ ጎኑን ሸረከተው። አንዱ ሞላ ተስፈንጥሮ ሲወጣ ሰውዬው ወደ ኋላ ዘለለ። ይሄኔ ይተወዋል ብዬ ነበር... ጭራሽ እልህ ያዘው። ጆንያውን ጎትቶ ሲያራግፈው፣ ከስፌቱ መሀል እፍኝ የማይሞላ ቡና መሬት ላይ ተበተነ።

ጠባቂው ጎንበስ ብሎ አንዷን ፍሬ አነሳ።

«ቡና የለበትም ያልከኝ አንተ ነህ አይደል?» አለኝ።

ፍራሹ ኤግዚቢት ተብሎ ተያዘ። እኔ «የራሴ ንብረት ነው» የሚል ወረቀት ከቀበሌ እንዳመጣ ታዘዝኩ። የጅማው ቀበሌ «እናትህ ያሉት ሰርቦ ስለሆነ እዚያ ጠይቅ» አለኝ። የሰርቦው «የተገዛው ጅማ ስለሆነ እዚያው» አለኝ። ሊቀመንበር ስፈልግ ስብሰባ ነው፤ ስብሰባው ሲያልቅ ማኅተም የያዘው ሰው የለም። እናቴ ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚያው ጠፍር ላይ ናት።

በመጨረሻ ወረቀቱን ይዤ የኬላው ኃላፊ ክፍል ገባሁ። ፍራሹ የሰውዬው አልጋ ላይ ተነጥፎ፣ አንሶላ ለብሶ ጠበቀኝ።

ኃላፊው ወረቀቱን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጎኑን እያሸ «ባለቤቱ አንተ ነህ?» አለኝ። «ይሄ ፍራሽ በዚህ በኩል ይወጋል።»

«የቀደዳችሁት በዚያ በኩል ነው።»

«አውቃለሁ። ሠሪው የት ነው?»

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። «መርካቶ ናቸው። እዚህ መጥተው ሊሠሩት አይችሉም፣ ወስጄ ላሠራው» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንዳትቆይ» አለኝ። ወደ ጅማ በሚመለስ መኪና ላይ ሲጫን፣ ቢላዋ ያወጣው ጠባቂ ራሱ ደግፎ አነሳልኝ።

መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው የገባኝ። ፍራሹ እጄ ገብቷል፤ ሰርቦ ግን ከኬላው ወዲያ ማዶ ነው፤ ይዤው ባልፍ ኃላፊው ያስቀረዋል።

ጋሼ ነስሩ እያጉረመረሙ ሰፉት። «ያኔ ጆንያውን ለምን አላራገፉትም?» ብላቸው «የቡና ጆንያ ውስጥ ቡና ይኖራል፣ ምን ይኑር ነው የምትለው?» ብለው ተቆጡኝ።

ከዚያ ሰርቦ ሄጄ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ዶሮዎቿን ለጎረቤት ሰጠች፣ በሯን ቆለፈች፣ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረች። ኬላው ጋ ስንደርስ ያው ጠባቂ «ይለፉ እናቴ» አላት። ዞር ብላ እንኳ ሳታየው አለፈች።

ክፍሌ ገብታ ፍራሹ ላይ ጋደም ስትል «ማሎ፣ ያ ሁሉ ጣጣ ለዚህ ነው?» አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፌ ከረምኩ። ቀስ በቀስ ወገቧ ቀና አለ፣ አልሀምዱሊላህ። ግን በገባሁ በወጣሁ ቁጥር የምትጠይቀኝ ስለ ቤቷ ነበር። ቀና ብላ መሄድ እንደጀመረች ሰርቦ ተመለሰች... እዚያው የረገበ ጠፍሯ ላይ።

ኃላፊው በሾፌሮች እየላከ «ፍራሼ አልደረሰም ወይ?» ይለኝ ነበር። «ፍራሼ» ሲል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደርግ ወድቆ የኬላው ሰዎች ሲበተኑ ፍራሹን ለእናቴ ጫንኩና በዚያው መንገድ አለፍኩ። ያቆመኝ የለም።

ከጅማ ሰርቦ ለመግባት አንድ ፍራሽ የመንግሥት ለውጥ መጠበቅ ነበረበት።