ሸክላ ሠሪዋ ያቃኑት ወገብ

ከባጃጅ ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። ጀሶው ሲፈታልኝ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «ሊጥም ይሁን ጭቃ፣ በየቀኑ የምታሺው ነገር ፈልጊ» አለችኝ። ሊጡ ሰለቸኝ። ሁሩታ ገበያ የወጣሁ ዕለት ግን ጀበናና ድስት ደርድረው ከሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቆምኩና የሸክላ አፈር ይሸጡልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ለምንሽ?» አሉኝ።

እጄን አሳየኋቸው። በሳምንቱ የታሸ ጭቃ በፌስታል ቋጥረው አመጡልኝ።

አሰላ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ከሥራ መልስ ሳሸው ሳሸው፣ አንድ ቀን ጭቃው ፈረስ መሰለኝ። ጋላቢ ጨመርኩለት። ከዚያ ገብስ የሚወቁ ገበሬዎች፣ ከዚያ ሲንቄዋን፣ ያቺን የክብር በትሯን፣ የያዘች የአርሲ እናት። ሁሉም ከጣት አይበልጡም። ከሰል ላይ ስተኩሳቸው ግን አንድ ሳይቀሩ ፈነዱ። ስብርባሪውን ይዤ ሁሩታ ተመለስኩ።

ሴትዮዋ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ጭቃውን ብቻውን ለእሳት ሰጠሽው! ገል ፈጭተሽ ቀላቅይበት። ጥላ ላይ ይድረቅ፣ አትቸኩይ። ወፈር ያለውን ደግሞ ሆዱን ጎርጉሪው።»

እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ፈረሰኛዬ ከእሳት ደህና ወጣ። እንደ ልጅ ዘለልኩ። ከቡፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹን አውጥቼ ቦታውን ለእሱና ከእሱ በኋላ ለሠራኋቸው ፈረሰኞች ለቀቅሁ።

ባደግሁበት ቤት ሸክላ ሠሪ ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። እኔም ስንት ጀበና ስገዛ ኖሬ ከዋጋው ሌላ ጠይቄ አላውቅም። ይህን ሳስብ አፈርኩ። ስለዚህ እሳቸውን ሠራኋቸው፦ ድስት ላይ አጎንብሰው፣ ሻሻቸውን እንዳሰሩ። ሳልተኩሰው፣ ገና እርጥቡን በካርቶን ይዤላቸው ሄድኩ።

«እኔ ነኝ?» አሉ። ብዙ አዩት። «ታዲያ ወገቤን ለምን አጎበጥሽው? ስሠራ እኮ ቀጥ ብዬ ነው።»

አውራ ጣታቸውን ውኃ አስነክተው ጀርባውን አንዴ ገፋ አደረጉት። ወገቡ ተቃና። እኔ ሳምንት በደከምኩበት ሸክላ ላይ እሳቸው በአንድ ጣት ነፍስ ዘሩበት።

ተኩሼ ስጦታ ላደርግላቸው ብወስደው አልቀበልም አሉ።

«እኔ ቤት ማን ያየዋል? ከፈረሰኞቹ ጋር አስቀምጪኝ።»

እጄ ዛሬም በሐምሌ ብርድ ይጠዘጥዘኛል፤ ግን ይጽፋል፣ ያሻል፣ ይሠራል። እግዜር ይስጥልኝ ስላቸው «እጁ የራስሽ፤ ያዳንሽውም ራስሽ» ይሉኛል። እኔ ግን አላምናቸውም።