«ወንድ ናት» ያልንበት ዘፈን

አራት ሴቶች ሆነን የምንጫወትበት ሮክ ባንድ የመጨረሻ አልበሙን የሠራው ስለ ዛሬ ሴት ነው። ከዚያ በኋላ በፍቅር ልንለያይ ተስማምተን ነበር። ድምፃዊቷም ግጥም ጸሐፊዋም እኔ ነኝ፤ በግጥሞቼ ማንም እጁን እንዲያስገባ አልወድም።

መዝጊያው ዘፈን ስለ እናቴ ነው። አባቴ ሲሞት ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። መንዝ ውስጥ ሴት እርፍ አትጨብጥም፤ የሚያርስላት ፍለጋ ደጅ ትጠናለች እንጂ። እናቴ ግን በሬዎቿን ጠምዳ የገብስ መሬቷን ራሷ አረሰች። አገሩ መጀመሪያ ሳቀባት፤ ገብሱ ሲያሸት ግን «ወንድ ናት!» አላት። እኔም አዝማቹን በዚሁ ቃል ሠራሁት። ጊታሩ ሲጮህ «እናቴ ወንድ ናት» እያልኩ አብሬው እጮሃለሁ። ስቱዲዮ ውስጥ ያልወደደው አልነበረም፤ ከሁሉ ይበልጥ የወደድኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

አልበሙ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው መሐል ሜዳ እናቴ ዘንድ ሄጄ ዘፈኑን በስልኬ አሰማኋት። እስከ መጨረሻው አደመጠች።

«እኔ ወንድ ነኝ?» አለችኝ።

«እንዴ እማዬ፣ ሙገሳ ነው እኮ! አገሩ ሁሉ የሚልሽን ነው ያልኩት።»

«አገሩማ ይበል። እርፉን ስጨብጥ አንቺን አዝዬሽ ነበር። ልጅ አዝሎ ያረሰ ወንድ የት አየሽ?»

አፈርኩ። ስለ ሴት አልበም ሠርቼ፣ ትልቁን ሙገሳ አንስቼ ለወንድ ሰጥቼዋለሁ።

ስቱዲዮ ስመለስ የቀረን ግማሽ ቀን ብቻ ነበር። ድራም የምትመታው ጓደኛዬ ተቆጣች።

«ለአንድ ቃል ብለን እንደ አዲስ ልንቀዳ? ማን ያስተውለዋል?»

«እናቴ» አልኳት።

ወደ ድራሟ ተመለሰች። አዝማቹን «አዝላኝ አረሰች» ብዬ ቀየርኩት። ከዜማው ጋር እንዲህ ይገጥማል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ከድሮው በብዙ በለጠ። ጉራ አይደለም፣ የሰማ ይፍረደኝ።

አልበሙ ሲወጣ ይዤላት ሄድኩ። ያኔ መጀመሪያ «ወንድ ናት» ያሏት ሽማግሌ ጎረቤታችንም ከጎኗ ተቀምጠው ነበር። ዘፈኑን ከእሷ ጋር ሰሙና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

«እሰይ! አንቺም እንደ እናትሽ ወንድ ወጣሽ!»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ አቀበለቻቸው።

«አልሰሙትም» አለቻቸው፤ «ከመጀመሪያው ያድምጡት።»