ከቱታዬ ሥር የነበረው ነጠላ

ዛሬ ለልጄ ካያክ ለሚሏት ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ የሚሆን የክረምት ልብስ ልገዛ ከእማዬ ጋር ካፒቶል ሂል ሰፈር ወዳለ ሱቅ ገባን። የልብሱ የጎማ ሽታ ገና ሲሸተኝ ደሜ ፈላ።

ነገሩ የሆነው ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ነበር። ትምህርት ቤቱ ካያክ ሊያስቀዝፈን ሐይቅ ወሰደን። እማዬ ብርድ እንዳይመታኝ ነጠላዋን ከቱታዬ ሥር ወገቤ ላይ ጠምጥማልኝ አብራኝ መጣች። እንዲህ ያለ የጎማ ልብስ የለበሰው የካያክ አሠልጣኝ የነጠላውን ጫፍ አየና በልጆቹ ሁሉ ፊት ጎትቶ አውጥቶ ጭቃው ላይ ጣለው። "ጥጥ ይገድላል!" አለ በእንግሊዝኛ። የረጠበ ጥጥ ሰው እንደሚያቀዘቅዝ ማን ነግሮኝ? እናትሽ ልትገድልሽ ነው ያለኝ መሰለኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ዳር ቁጭ በይ ተባልኩ።

"ምን አለ?" አለችኝ እንግሊዝኛ የማትሰማው እማዬ፣ ነጠላዋን ከጭቃው እያነሳች።

"ቆንጆ ነው፣ እንዳይረጥብ ብዬ ነው አለ" አልኳት።

እማዬ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው። እሱም ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ እስከ ዛሬ በጥፊ ባጠፋው እላለሁ።

አሁን ሱቁ ውስጥ እማዬ የጎማውን ልብስ በጣቶቿ እያሸች፣ "ይሄ ምን ያሞቃል? ከሥሩ ነጠላዬን እጠመጥምለታለሁ" አለች።

"ጥጥ አይሆንም አልኩሽ!" ጮህኩባት። ሻጩ ዞሮ አየን።

"ምን ያስጮህሻል?" አለች ደንግጣ። "ያ አሠልጣኝሽ እንኳ ወዶት አልነበር?"