ጋውኑና ጥቁሩ ቀሚሴ

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ተራ ሥራ ነጭ ጋውኑን መጭመቅ ነበር። እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ጠመዘዝነው፤ ውሃው እግሩ ላይ ፈሰሰና ሳቀ።

የእርሻ ምርምር ሠራተኛ ነበር። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ላሉ ገበሬዎች አዲስ የማሽላ ዘር ሰጥቶ ምርቱን እየጠየቀ ይመዘግባል። ጋውኑን ለብሶ ሲሄድ እርዳታ የሚያድል ስለሚመስላቸው ምርቱን ያሳንሱበታል። “ሦስት ኩንታል ነው ያገኘሁት” ያለው ገበሬ፣ ባለቤቴ ለሠርግ ተጠርቶ በኮት ሲሄድ “ስምንት አስገባሁ” አለው። እንግዳ ፊት ደግሞ ማን ድሃ መባል ይወዳል? እኔ የገበሬዎቹን ሚስቶች ጠየቅሁለት፤ እነሱ እውነቱን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ መዝገቡን አብረን ያዝን።

ጋውኑን ባጠብን ሳምንት ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደረሰ። መንገዱ ተዘጋ፤ የባለቤቴ የስኳር መድኃኒት አለቀ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያላንኳኳሁት መድኃኒት ቤት አልነበረም። አላገኘሁም።

መንገዱ ሲከፈት መዝገቡን አነሣሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶታል፦ ማሽላው ጎታ ውስጥ ይቆያል ወይ? መሥሪያ ቤቱ መልሱን አይቶ ዘሩን ለሌሎች ቀበሌዎች ሊያከፋፍል ነው።

ጥቁር ለብሼ ሄድኩ። ሴቶቹ ሁሉ “ግሩም ነው፣ ምን ይወጣለታል” አሉኝ። ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። ቤት ገብቼ ሳነበው ግን መልሱ ሁሉ አንድ ነው። ማሽላውን አይደለም የነገሩኝ፤ እኔን ማጽናናታቸው ነበር።

ዓመቱ ሳይሞላ ጥቁሩን አወለቅሁ። የባለቤቴ እህት ተቆጣች።

“ውሻ ነው እንዴ የሞተብሽ? ሰው ምን ይለኛል አትዪም?”

“እውነቱን እንዲለኝ ነው ያወለቅሁት” አልኳት።

ባለአበባ ቀሚሴን ለብሼ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ማሽላውን አብዝታ ያመሰገነችው ሴት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

“አብሽሪ እቴ፣ ዛሬ ሰው መሰልሽ!”

የጎታዋን ክዳን ከፍታ አንድ እፍኝ ማሽላ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ። ግማሹ ዱቄት ሆኗል።

“ወላሂ፣ በሦስት ወር ነቀዝ ጨረሰው። ያን ለት እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ባልሽን ደግሜ የምቀብርብሽ መሰለኝ።”

እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እሱም ቢሆን ይጽፈው ነበር።

ዘሩ አልተከፋፈለም። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን አርዲቦ ዳር በየቤቱ እየዞርኩ እህሉ ስንት ወር እንደቆየ እጠይቃለሁ፤ የሚነግሩኝንም እጽፋለሁ።